ስለ ጠጠር ጦርና ስለ አማካሪዎቹ

በጅጅጋ ከተማ ፀሐይ ዘንበል ስትል በየዛፉ ጥላና በየባጃጅ ተራው የሚካሄደውን የጠጠር ጦርነት ቀረብ ብሎ የሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለውና ሳይወድ በግድ የሚበሽቅበት ነገር ቢኖር፣ ጨዋታው የሁለት ሰዎች ሆኖ ሳለ ጩኸቱ የስምንት ሰዎች መሆኑ ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ፤ ዙሪያቸውን የቆሙት፣ ቁጢጥ ያሉትና በባጃጅ የኋላ ወንበር ተንጋለው አንገታቸውን ያሰገጉት ግን «እሱን አትንካ!»፣ «በግራ፣ በግራ!»፣ «አለቀልህ!» እያሉ ያለማቋረጥ ያዝዛሉ። ጠጠሩን የሚያነሣው ጣት የተጫዋቹ ይሁን እንጂ ጦሩን የሚመራው አፍ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ነው።

«የጠጠር ጦር» የሚለው ስያሜ እዚህ ላይ የሚያመለክተው ተጫዋቾች በእጃቸው ከገባ ከማንኛውም ቁስ አዘጋጅተው በሰሌዳ ላይ የሚያሰልፉትን ጥቃቅን ሠራዊት ነው። በጅጅጋና በአካባቢዋ ባሉት በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ይህ ሠራዊት በዋናነት በሁለት ግንባሮች ይሰለፋል። አንደኛው በመላ ኢትዮጵያ የታወቀው ዳማ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት ሻሕ ነው፤ በሁለቱም እያንዳንዱ ወገን የሚያዘምተው 12 ወታደር ብቻ ነው።

የሠራዊቱ ምልመላ የሚጀምረው ከሻይ ቤትና ከሱቅ ደጃፍ ነው። ለዳማ የሚዘምተው ወታደር በአብዛኛው ቆርኪ፣ ማለትም የለስላሳ ጠርሙስ የብረት ክዳን ሲሆን፣ የአንዱ ወገን ጦር በጀርባው ተንጋሎ ጥርሳም ጠርዙን ወደ ሰማይ ሲያሳይ የሌላው በሆዱ ተደፍቶ ስሙንና ቀለሙን ያሳያል፤ ስለዚህም ኮካ ኮላና ሚሪንዳ የገበያ ጠባቸውን ረስተው በአንድ ባንዲራ ሥር የሚሰለፉት በዳማ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከበዛ ወዲህ ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለው የታሸገ ውሃ ክዳንም በብዛት ተመልምሏል፤ ሰማያዊው ከነጩ በቀለም ስለሚለይ ማንጋለልም መድፋትም ሳያስፈልግ በቀጥታ ይዘምታል።

በዳማ ሕግ እስከ ተቃራኒው የመጨረሻ ረድፍ የደረሰ ጠጠር ይነግሣል፣ ማለትም ወደ ፊትም ወደ ኋላም የመሄድ ሥልጣን ያገኛል፤ ለምልክትም ሌላ ቆርኪ ይደረብበታል። በሌላ አገር እንደሚደረገው ተገልብጦ ቢቀመጥማ፣ በቆርኪ ሠራዊት ዘንድ መገልበጥ ወገን መለወጥ ስለሆነ፣ ንጉሡ በነገሠበት ቅጽበት ከድቶ ለጠላት በገባ ነበር።

የሻሕ ጦር ከዚህም የተናቀ ምንጭ አለው። ሰሌዳው በአፈር ላይ በጣት ወይም በጭራሮ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ደግሞ በከሰል ይሰመራል፤ ሦስት አራት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ተስለው የጎኖቻቸው መካከል በመስመር ሲያያዝ 24 መቆሚያ ነጥቦች ይገኛሉ። አንዱ ነጭ ጠጠር ከለቀመ ሌላው የከሰል ስባሪ፣ የተቆረጠ እንጨት ወይም የደረቀ የግመል ፋንድያ ያሰልፋል። ከፋንድያ የተሠራ ጦር ከድንጋይ የተሠራውን ድል የሚነሣበት ሌላ የጦር ሜዳ ስለመኖሩ ታሪክ የሚነግረን ነገር የለም።

የእነዚህን ወታደሮች ርካሽነት በትክክል ለመመዘን ሌላው ዓለም ለተመሳሳይ ጉዳይ ያወጣውን ወጪ ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ ባላባት፣ ኮረብታውና ወንዙ በጀሶ ተቀርጾ የተሰደረበት ትልቅ ጠረጴዛ አሠርቶ ለንጉሡ ለፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ አበረከተ፤ የጦር መኮንን የነበረው ልጁም እ.ኤ.አ. በ1824 ደንቡን አሻሽሎ ስላወጣው ጨዋታው የፕሩሲያ መኮንኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ሆነ። «ክሪግስሽፒል» በተባለው በዚህ ጨዋታ ከሁለቱ ተጋጣሚዎች ሌላ አንድ ዳኛ ተሹሞ ይቀመጥ ነበር፤ ትእዛዝ ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፣ የሁለቱን ወገን ምሥጢር ያውቃል፣ ለማንም ግን አይተነፍስም። የጅጅጋው ሦስተኛ ሰው የሁለቱንም ምሥጢር በማወቁ ከፕሩሲያው ዳኛ ጋር እኩል ነው፤ የሚለየው ማንም ያልሾመው መሆኑና ያወቀውን ሁሉ ወዲያው መናገሩ ነው።

እንግሊዞች በበኩላቸው ነገሩን ከጦር ትምህርት ቤት አውጥተው ወደ ልጆች ክፍል አስገቡት። የብሪቴንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1893 ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር ማምረት በመጀመሩ ዋጋው ቀንሶ ሠራዊቱ በየቤቱ ተሠማራ፤ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 በሞላ የሚተኮስ የመጫወቻ መድፍ ይዞ በወለል ላይ መዋጋትን የሚያስተምር የደንብ መጽሐፍ አሳተመ። ዌልስ ከእውነተኛው ጦርነት ይልቅ ይህ ትንሹ እጅግ እንደሚሻል በመጽሐፉ ቢከራከርም፣ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ፈነዳ ምክሩን የሰማው መንግሥት ያለ አይመስልም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለግለሰብ ብቻ አይደለም።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ሰሞን ይኸው ብሪቴንስ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና ባዶ እግራቸውን የሚዘምቱ የኢትዮጵያ ባላገሮችን በእርሳስ ቀርጾ፣ ከኢጣሊያ ወታደሮች ጎን ለጎን በየሣጥኑ ለገበያ አቅርቦ ነበር። የለንደን ልጅ ከራት በፊት ኢትዮጵያን ሊያሸንፋት፣ ከራት በኋላ ደግሞ ሊያስመልሳት ይችል ነበር። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ አውሮፕላኖች የተደበደበችው ጅጅጋ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበራትም።

በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ የጠጠር ጦርነት ቀደምት ታሪክ ያለው ሲሆን፣ እርሱም ሰንጠረዥ ይባል ነበር። ሰንጠረዥ በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመሩ 64 ቤቶች የሚካሄድ የቼዝ ዓይነት ነው፤ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የተባሉ ጠጠሮች አሉት፤ ከዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው ደግሞ «ወረራ» በተባለው አከፋፈቱ ነው። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እጃቸው የፈቀደውን ያህል እየፈጠኑ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አጨራረሱም ክብር የሚጠይቅ ነበር፤ የባላጋራን ንጉሥ በብርቱው ጠጠር በደር ማጥመድ እንደ ቀላል ሥራ ሲቆጠር፣ በደካሞቹ ማጥመድ ያስመሰግን ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ደርሶ ከራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የመዘገበው ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች፣ ከሹማምንት እስከ አገልጋይ፣ ምክራቸውን እንደሚሰነዝሩ አይቷል። በሌላ ጉዳይ በእርሳቸው ፊት ቀና ብሎ ለመናገር የማይደፍር ሰው በሰንጠረዥ ጊዜ «ፈረሱን ያንሡ እንጂ!» ለማለት ይችል ነበር ማለት ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው፣ የሰሌዳው ዙሪያም የራሱ ነጻ ግዛት ነበረው። የጅጅጋው አማካሪ እንግዲህ የሁለት መቶ ዓመት የዘር ሐረግ ሊቆጥር ይችላል።

ወደ ሻሕ ስንመለስ፣ ደንቡ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለቱ ወገኖች ተራ በተራ አንዳንድ ጠጠር እያስቀመጡ 24ቱን ነጥቦች ይሞላሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚበላ የለም፤ ሁሉም ሰልፍ ነው። ሦስት ጠጠሮችን በአንድ መስመር ማሰለፍ «ጀሬ» ይባላል፤ በምደባው ወቅት ቀድሞ ጀሬ የሠራ ሰው ምደባው ሲያልቅ ከባላጋራው አንድ ጠጠር በማንሣት ጦርነቱን ይከፍታል፤ ጀሬ የሠራ ከሌለ ይህ መብት ሁለተኛ ሆኖ ለጀመረው ይሰጣል። ከዚያ ሌላው በተራው አንድ ያነሣና፣ በተለቀቁት ሁለት ክፍት ቦታዎች እየተንፏቀቁ አዲስ ጀሬ ለመሥራት ይሻኮታሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት የሻሕ ተጫዋች ሊዘነጋው የማይገባ ነው፤ በችኮላ የመደበ ሰው፣ ከአንድ ጠጠር በቀር ሠራዊቱ ሳይነካበት፣ መላወሻ አጥቶ ይቀመጣልና።

አንድ ጠጠር ወዲያና ወዲህ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጀሬ የሚሠራበት ሰልፍ «ኢርማን» ይባላል፤ ቃሉ ወተት የምትታለብ ግመልን የሚገልጽ ሲሆን፣ ኢርማን ያገኘ ሰው በየተራው ከባላጋራው አንድ ጠጠር ያልባል። ከሁሉም የሚደንቀው ደንብ ግን መፈናፈኛ ስላጣ ሰው የተደነገገው ነው። በጨዋታው መካከል አንዱ ወገን ጭራሽ መንቀሳቀስ ካቃተው ተሸነፈ አይባልም፤ ያፈነው ሰው ራሱ ተንቀሳቅሶ መንገድ ሊከፍትለት ይገደዳል፤ በዚያ እንቅስቃሴው ጀሬ ቢሠራ እንኳ ጠጠር ማንሣት አይፈቀድለትም። ጠላትን አፍኖ መግደል ነውር የሆነበት፣ ከበባ ያደረገው ጦር ከበባውን እንዲፈታ በሕግ የታዘዘበት ይህ ደንብ፣ በውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ተራ እየጠበቁ የኖሩ፣ ነገም በዚያው ጉድጓድ የሚገናኙ ሰዎች ያወጡት ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

የአማካሪው ሥራ በዚህ ሁሉ መካከል ነው። አማካሪነት አንድ ወጥ ሙያ ባለመሆኑ ጠባዩ እንደ ሰዉ ይለያያል። እንቅስቃሴው ካለፈ በኋላ «ብዬህ አልነበር?» የሚል አለ፤ ምን ብሎ እንደነበር ግን የሚያስታውስ ምስክር አይገኝም። ለአንዱ ወገን በሶማልኛ፣ ለሌላው በአማርኛ የሚመክርም አለ፤ ጅጅጋ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የማይሰማ ተጫዋች ጥቂት ስለሆነ ምሥጢሩ የሚደበቀው ከራሱ ከአማካሪው ብቻ ነው። የጫት ቅጠሉን በጉንጩ ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው እንደተሳሳቱ የሚያስረዳ ደግሞ የምሁርነት ማዕረግ ይሰጠዋል።

ከሁሉም የሚፈራው ግን የማይናገረው ሽማግሌ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ ተጫዋቹ እጁን ወደ አንድ ጠጠር ሲሰድ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ እጁን ወደ ሌላው ሲያዞር ደግመው ይመጣሉ። ላብ ያሰመጠው ወጣት በሶማልኛ ለአባት ወንድም፣ በከተማው ልማድ ደግሞ ለማንኛውም አዛውንት በሚሰጠው የአክብሮት መጠሪያ «አደር፣ ተዉኝ እንጂ፣ ላስብበት» ሲላቸው፣ «እኔ ምን አልኩህ ልጄ? ከንፈሬ የራሴ ነው» ይሉታል። ወጣቱም የትኛውን ጠጠር ቢያንቀሳቅስ ከንፈራቸው እንደማይቀር ስለተረዳ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ይገፋል። ሲሸነፍ፣ ሽማግሌው አንድ ቃል ስላልተናገሩ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ጅጅጋ ስለ አማካሪ የምታውቀው በሻሕ ብቻ አይደለም። በ1928ቱ ጦርነት የደቡቡን ግንባር የመሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ወሂብ ፓሻ የተባለ የቀድሞ የኦቶማን ጄኔራል አማካሪ ነበራቸው፤ እርሱም በኦጋዴን ያስቆፈረውን የመከላከያ መስመር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስም በወጣለት በጀርመኖች ምሽግ «ሂንደንበርግ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሶ ነበር። መስመሩ በኢጣሊያ አውሮፕላንና መድፍ ተጥሶ ጅጅጋም ሐረርም በጠላት እጅ ወደቁ። ደጃዝማች ነሲቡ ጥቂት ወራት ቆይተው በስደት ሳሉ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲያርፉ፣ አማካሪው አገሩ ቱርክ ገብቶ ዓመታት ኖረ።

በሰሌዳው ዙሪያ ከአንዱ ወገን ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚሻገረው አማካሪ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. በታላቅ መጠን ታይቷል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1974 ከሶማሊያው ከዚያድ ባሬ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርማ ሠራዊቱን ስታስታጥቅና ስታሠለጥን ከቆየች በኋላ፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ጦርነት ሲፋፋም ወደ ኢትዮጵያ ዞረች። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ በኅዳር ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን ከሞቃዲሾ አባረሩ፤ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭም ከኢትዮጵያ ወገን ሆነው፣ የኩባ ወታደሮች ጭምር የተሰለፉበትን የመልሶ ማጥቃት ዕቅድ አስተባበሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ዛሬም በየዓመቱ የሚታሰበው የካራማራ ድል ተገኝቶ ከተማዋ ተመለሰች። በሁለቱም ወገን ከተቃጠሉት ታንኮች ብዙዎቹ ከአንድ አገር ፋብሪካ የወጡ ነበሩ። ያ ጨዋታ አልነበረም፤ የወደቀውን መልሶ የሚያሰልፍ እጅም አልተገኘም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የተዘረጋው የካራማራ ተራራ ከብዙ የሻሕ ሰሌዳዎች በግልጽ ይታያል፤ በሰሌዳው ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች አባቶች በዚያ ዓመት የት ቆመው እንደነበር ግን ሻሕ አይጠይቅም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ ከዚያ ሸሽቶ የተረፈውም፣ ተዋግቶ የተረፈውም ልጅ አሳድጓል።

አማካሪውን ከጥበቡ የሚያስጥለው መድኃኒት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ወንበሩን መስጠት ነው። በባጃጅ ተራ ላይ ይህ በየዕለቱ ይፈጸማል። ሁለት አሽከርካሪዎች በውሃ ጀሪካን ላይ በተጋደመ ጣውላ ዳማ ይዘው ሳለ የአንዱ ተራ ይደርስና ተሳፋሪ ይጠራዋል፤ አሽከርካሪው ጦሩን በሜዳ ጥሎ ሊሄድ ግድ ስለሚሆንበት፣ እስካሁን ከኋላው ቆሞ «ስጠኝ ላሳይህ» ሲል የነበረውን ሰው በቦታው ያስቀምጠዋል። ያ ሰው ቁጭ ሲል አንድ ለውጥ ይታያል፤ ድምፁ ይጠፋል። ቆሞ ሳለ ቁልጭ ብሎ ይታየው የነበረው የድል መንገድ፣ ሲቀመጥ በቆርኪ የተደናቀፈ ይሆንበታል። በዳማ መብላት የሚችል ጠጠር የግድ እንዲበላ የሚያዘው ደንብ ደግሞ አይምረውም፤ ባላጋራው አንድ ቆርኪ ያስበላውና፣ ያን በልቶ ባረፈበት ቦታ ሦስቱን በአንድ ዝላይ ይለቅምበታል።

ተሳፋሪውን አድርሶ የሚመለሰው አሽከርካሪ ከጦሩ ሁለት ቆርኪ ብቻ ቀርቶ ያገኛል። ወንበሩን አይጠይቅም። ከኋላ ይቆምና፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ «እኔ የተውኩልህ እኮ ያሸነፈ ጦር ነበር» ይላል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ለሁለቱም ይመክራል።

የሻሕ ደንብ እስካሁን በአብዛኛው የሚተላለፈው ከአፍ ወደ አፍ ነው፤ ስለ ሶማሌ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1931 በእንግሊዝ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት አንድ ጽሑፍ የወጣ ቢሆንም፣ ያ ጽሑፍ በባጃጅ ተራ የሚገኝ አይደለም። የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ደንብ ከነልዩነቱ በሶማልኛና በአማርኛ ጽፈው ቢያወጡ፣ ክርክሩን ባያስቀሩትም ቢያንስ ምዕራፍና ቁጥር ይሰጡት ነበር። እስከዚያው ድረስ ሻሕ ለመማር የሚሻ አንባቢ ወደ ጅጅጋ ሲሄድ ገንዘብም ሰሌዳም ይዞ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከመንገድ ዳር 12 ጠጠር ለቅሞ ከጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ባላጋራ ለማግኘት ጥቂት ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፣ አማካሪ ግን ሳይፈልግ ያገኛል።